እኔስ ሽማግሌ አይደለሁም እንዴ?

አያቴ በመጨረሻው ክረምቷ የምትተኛው ሳሎን ነበር። መኝታ ቤቷ ጨለማ ነው። እሷ ደግሞ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን ማየት ትወዳለች። ስለዚህ አልጋዋን አውጥተን መስኮቱ ሥር አደረግንላት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚነሳ ጭቅጭቅ ሁሉ ራስጌዋ ላይ ሆነ። ያን ቀን የተነሳው ግን ስለ ራሷ ነበር።

አጎቴ የንስሐ አባቷን እንጥራ አለ። የአክስቴ ልጅ፣ እሱ እንደሚለው ጌታን ከተቀበለ አምስት ዓመቱ ነው። ምንም ሳይል ስልኩን አወጣና የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5 ከፈተ። «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ» ብሎ አነበበ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ካህን የሚል የለም። ሽማግሌዎች ነው የሚለው። እኛ ጋ ሽማግሌዎች አሉ፤ ልደውልላቸው?»

«ሽማግሌ ማለት እኮ ቄስ ማለት ነው!»

«የት ተጽፏል?»

አጎቴ የት እንደተጻፈ አያውቅም። የአክስቴ ልጅም ቢሆን ከዚያች ጥቅስ አልፎ አላነበበም። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ትዝ የሚለኝ ግን መዝሙሩ ብቻ ነው። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም እንደሚባለው፣ እኔም ዝም አልኩ።

ወደ ማታ መምሬ መጡ። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ፤ ያለ ከዘራ አይሄዱም። ነጠላቸውን ዝናብ አርሶታል። በሩ ስስ ነው፤ ከውጭ ሆነው ክርክሩን ሳይሰሙት አልቀሩም። ወንበር ቀረበላቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡና መስቀላቸውን አሳለሙን። የአክስቴ ልጅ አልተሳለመም፤ እሳቸውም አልተቀየሙም። ጺማቸውን አንዴ ዳሰሱና እሱን አይተው እንዲህ አሉ፦

«እኔስ ሽማግሌ አይደለሁም እንዴ?»

ሁላችንም ሳቅን። አያቴ እንኳ ሳቀች። ክርክሩ እዚያው አበቃ። እኔ ግን ያቺን ቀልድ ይዣት ቀረሁ። አያቴን ከቀበርን በኋላ እንኳ ትመጣብኛለች። በመጨረሻ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ።

ሁለት ቃል ለአንድ ሰው

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ካህን የሚለው ቃላችን ከዕብራይስጡ ኮሄን ጋር አንድ ሥር አለው። ዓረብኛም ካሂን ይላል፤ እዚያ ግን ትርጉሙ ወደ ጠንቋይነት አዘንብሏል። ቄስ ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው። የግእዙ ቀሲስ የመጣው ከሶርያውያን ቀሺሻ ነው። ቀሺሻ ማለት ደግሞ ሽማግሌ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። መምሬ የቀለዱ መስሎን ነበር፤ ለካ የመዝገበ ቃላቱን ትርጉም ነው የነገሩን። አጎቴም ቢሆን ሳያውቀው ልክ ብሏል። ይባስ ብሎ በዕብራይስጥ ሽማግሌ ዛቄን ሲባል ጺም ደግሞ ዛቃን ይባላል። መምሬ ጺማቸውን ዳስሰው ሲናገሩ ይህን ያውቁ ነበር ብዬ አላስብም። ግን ማን ያውቃል።

አጎቴ እዚህ ላይ እንዳይደሰት የወንጌሉ ታሪክ ይቀጥላል። በማቴዎስ 26 በኢየሱስ ላይ የተማከሩት እነማን ናቸው? «የካህናት አለቆች» እና «የሕዝብ ሽማግሌዎች»። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለየብቻ ቆመዋል። ሙሴም ወደ ተራራው ሲወጣ አሮንና ልጆቹ ሌላ ናቸው፤ ሰባዎቹ ሽማግሌዎች ሌላ ናቸው። በኦሪት ዘመን ሽማግሌና ካህን ሁለት ሰው ነበሩ። ሽማግሌው በር ላይ ተቀምጦ ይፈርዳል፤ ካህኑ መሠዊያው ጋ ቆሞ ይሠዋል።

አዲስ ኪዳን የተጻፈበት ግሪክኛም እንዲሁ ይለያቸዋል። ሽማግሌው ፕሬስቢቴሮስ ነው፤ የሚሠዋው ካህን ደግሞ ሂየሬውስ። ሐዋርያት በየከተማው የሾሟቸው አገልጋዮች ፕሬስቢቴሮስ ተብለዋል። ከእነሱ አንዱ እንኳ በሹመቱ ሂየሬውስ ተብሎ የተጠራበት ቦታ የለም። ቃሉ ለኢየሩሳሌም ካህናት ይውላል። በልስጥራ ለጳውሎስና ለበርናባስ ኮርማ ሊሠዋ ለመጣው የጣዖት ካህንም ይውላል። ለክርስቶስ ይውላል። ከዚያ ደግሞ ለምእመናን ሁሉ በአንድነት ይውላል። የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ ልክ ነው። ግን እሱም ቢሆን ሽማግሌ ሲል በዕድሜ የገፋ ማንኛውም ሰው ማለቱ ከሆነ አልሆነለትም፤ ጢሞቴዎስ ላይ እኮ ለአገልግሎት ሲሾም እጅ የጫኑበት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው።

የቤተ እስራኤል ነገር ደግሞ ይገርመኛል። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት አይሁዶች መንፈሳዊ መሪያቸውን የሚጠሩት ቄስ ብለው ነው። ኢየሩሳሌም ያለው ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ70 በሮማውያን ከፈረሰ ወዲህ የዓለም አይሁድ መሥዋዕት ትተው በጸሎት ጸኑ። የእኛ ሀገሮቹ ቄሶች ግን የፋሲካውን በግ ያርዱ ነበር። ስማቸው ሽማግሌ ነው፤ ሥራቸው የካህን። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ስግድን ሲያከብሩ ባለ ጥላዎቹን ቄሶች በቴሌቪዥን ሳይ ያቺ የመምሬ ጥያቄ ትመጣብኛለች።

ጆሮ፣ አውራ ጣት፣ አውራ ጣት

ኦሪት ዘሌዋውያንን ብዙ ሰው ጀምሮ ይተወዋል። እኔም ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ። በሦስተኛው ግን ካህኑን ብቻ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ ያኔ መጽሐፉ ሌላ ሆነ።

ኦሪት ላይ ክህነት የዘር ነው። ዘር ከልጓም ይስባል የሚለው ተረት እዚህ ቀልድ አይደለም። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱ አንዳንድ ቤተሰቦች የትውልድ መዝገባቸው ጠፋ። ካህናት ነን ቢሉም ከክህነት ወጡ። ታሪኩ ዕዝራ 2 ላይ አለ። በአንድ የጠፋ ወረቀት የተነሳ ሰው ሥራውንም ስሙንም ያጣል።

ዘሩ ብቻም አይበቃም፤ ሰውነቱም ይታያል። ዘሌዋውያን 21 እንደሚለው ከአሮን ዘር ሆኖ ዕውር ወይም አንካሳ የሆነ ሰው ወደ መሠዊያው አይቀርብም። ከተቀደሰው እንጀራ ግን ይበላል፤ አልተባረረም። ካህናቱን የሚረዱት ሌዋውያን ደግሞ የዕድሜ ገደብ አላቸው። 50 ዓመት ሲሞላቸው ከከባዱ ሥራ ያርፋሉ። ሥራው ጉልበት ይጠይቃላ! በሬ መጣል፣ መግፈፍ፣ ደም መርጨት፣ እንጨት መደርደር ነው። ስለ መቅደስ ስናስብ የሚመጣልን የዕጣኑ ሽታ ነው። የዚያ ቤት ዋና ሽታ ግን የደምና የስብ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ መምሬን በዚህ ሚዛን አስቀምጧቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። እግራቸው ይጎተታል። በኦሪት ሕግ መሠዊያ ጋ አይደርሱም ነበር። የኦሪት መሠዊያ ሰውን የሚፈልገው ሙሉ ሆኖ ነው። ሽምግልና ግን የሚጀምረው ጉልበት ሲያልቅ ነው። የሰውየው ሁለት ስሞች የተሰፉት ከሁለት የተለያዩ አካላት ልክ ነው።

ከሁሉም በላይ ያቆመኝ ግን የአሮንና የልጆቹ ሹመት ነው። ሙሴ አውራ በግ ያርዳል። ከደሙ ወስዶ በአሮን ቀኝ ጆሮ ጫፍ፣ በቀኝ እጁ አውራ ጣት፣ በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ ይቀባል። ከዚያ የልጆቹ ተራ ነው። ይህ ምዕራፍ 8 ላይ ነው። ስድስት ምዕራፍ አልፌ ምዕራፍ 14 ስደርስ ያው ነገር መጣ። ቀኝ ጆሮ፣ የቀኝ እጅ አውራ ጣት፣ የቀኝ እግር አውራ ጣት። መጀመሪያ ደም፣ ቀጥሎ ዘይት። የሚቀባው ግን ካህን አይደለም። ከለምጽ የነጻ ሰው ነው። ከሰፈር ውጭ ብቻውን ሲኖር፣ «ርኩስ፣ ርኩስ» እያለ ሲጮህ የነበረ ሰው።

ለምን? መጽሐፉ አይናገርም። ዘሌዋውያን ምክንያት የማስረዳት ልማድ የለውም፤ አድርግ ይልና ያልፋል። ግን ያው መጽሐፍ አንካሳውን ካህን ከመሠዊያው አርቆ፣ ታሞ የዳነውን ተራ ሰው በካህን ምልክት ይቀባል። ሁለቱን ምዕራፎች ደጋግሜ አየኋቸው። ያዕቆብም ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ያለው ለታመመ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ምሥጢረ ቀንዲልን፣ ማለትም ሕመምተኛን በተጸለየበት ዘይት መቀባትን፣ የምታስተምረው ከዚያችው ጥቅስ ነው። ያዕቆብ ዘሌዋውያን 14ን እያሰበ ነበር አልልም። እኔ ግን አሁን አንዱን ያለ ሌላው ማንበብ አቃተኝ።

ቆሬም ይህንኑ ብሎ ነበር

የአክስቴ ልጅ በሌላ ቀን፣ በቡና ላይ፣ «ሁላችንም ካህናት ነን» አለኝ። ጴጥሮስን ጠቀሰልኝ። እውነቱን ነው፤ አንደኛ ጴጥሮስ 2 ለምእመናን ሁሉ የንጉሥ ካህናት ይላቸዋል። ጴጥሮስም ከራሱ አላመጣውም። በሲና ተራራ ሥር ለእስራኤል ሁሉ «የካህናት መንግሥት የተቀደሰም ሕዝብ» ትሆናላችሁ ተብሎ ነበር። ያ የተነገረው አሮን ገና ሳይሾም ነው። ልብ በሉ፤ የሁሉ ክህነት ከአሮን ክህነት ይቀድማል።

ችግሩ ይህንኑ ቃል ሙሴ ፊት የተናገረ ሌላ ሰውም ነበር። ቆሬ። ዘኍልቍ 16 ላይ ከ250 ሰዎች ጋር ተሰብስቦ፣ ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ነው፤ እናንተ ለምን ከፍ ከፍ ትላላችሁ አለ። ምን ሐሰት አለበት? ዘጸአት 19ን ነው የደገመው። ምድር ግን ዋጠችው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። አጎቴ ቢሆን «አየህ!» ብሎ ይዘጋው ነበር። እኔ ግን የሙሴን መልስ ደግሜ አነበብኩት። ሙሴ ሕዝቡ ቅዱስ አይደለም አላለም። ሌላ ጊዜ እንዲያውም የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁሉ ነቢያት ቢሆኑ ብሎ የተመኘ ሰው ነው። ለቆሬ ያለው፣ ሌዋዊ መሆን አንሷችሁ ክህነትን ደግሞ ትፈልጋላችሁ ወይ ነው። ቆሬ ተራ ሰው አልነበረም፤ ሌዋዊ ነው። «ሁላችን» እያለ ይናገራል እንጂ የሚፈልገው ለራሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይተናል፤ በሕዝብ ስም ጀምሮ በራሱ ወንበር የሚጨርስ። ስለዚህ የቆሬ ታሪክ የጴጥሮስን ቃል አያፈርስም። ለመምሬም ለአክስቴ ልጅ ፓስተርም እኩል ያስፈራል ባይ ነኝ።

ሽማግሌው ካህን ሲሆን

የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ በአንድ ነገር ይጨነቃል። ክርስቶስ ከይሁዳ ነገድ ነው። ከይሁዳ ደግሞ መሠዊያ ያገለገለ የለም። ታዲያ እንዴት ሊቀ ካህናት ይሆናል? መልሱ መልከ ጼዴቅ ነው፤ አባቱም እናቱም ትውልዱም ያልተጻፈለት ንጉሥና ካህን። እነዚያ የዕዝራ ዘመን ቤተሰቦች መዝገብ በማጣት ከክህነት ወጡ፤ እዚህ ግን መዝገብ ማጣት ራሱ ማስረጃ ሆነ። ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። የኦሪት ካህን ዕለት ዕለት ቆሞ ያገለግላል ይላል፤ ክርስቶስ ግን አንድ መሥዋዕት አቅርቦ ተቀመጠ። በደብተራ ኦሪት፣ በሙሴ ዘመኑ የድንኳን መቅደስ፣ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ለካህን የሚሆን መቀመጫ የለም። ሥራው አያልቅማ።

ሥራው አንዴ ካለቀ ካህን የሚለው ቃል ለምን ተመልሶ ለሽማግሌው ተሰጠ? ነገሩ በአንድ ጀንበር አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ96 አካባቢ ከሮም ወደ ቆሮንቶስ የተጻፈ ደብዳቤ አለ፤ የቀሌምንጦስ ይባላል። በእኛ ቀኖና ካለው መጽሐፈ ቀሌምንጦስ ጋር አይምታታ፤ ያ ሌላ ነው። ቆሮንቶሶች ሽማግሌዎቻቸውን ከሹመት አውርደው ነበር። ደብዳቤው ሊገሥጻቸው ሲል ሊቀ ካህናቱ፣ ካህናቱ፣ ሌዋውያኑና ሕዝቡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥርዓት እንዳላቸው ያነሳል። የአሮንን በትር ታሪክም ይተርካል። ሽማግሌዎቹን ካህናት አላላቸውም። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ደግሞ በኵራታችሁን ለነቢያት ስጡ፤ ሊቃነ ካህናታችሁ እነሱ ናቸው ይላል። እ.ኤ.አ. ወደ 200 ገደማ የሰሜን አፍሪካዊቷ ካርቴጅ ጸሐፊ ተርቱሊያን ኤጲስ ቆጶሱን ሊቀ ካህን ይለዋል። ያው ሰው በሌላ ጽሑፉ፣ እኛ ምእመናንስ ካህናት አይደለንም ወይ ብሎ ይጠይቃል። አጎቴና የአክስቴ ልጅ በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ሲከራከሩ ታየኝ። በ258 በሰማዕትነት የሞተው የካርቴጁ ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስ ጋ ሲደርስ ነገሩ ለይቶለታል፤ ቁርባኑን የሚያቀርበው ኤጲስ ቆጶስ ካህን ነው፤ በክርስቶስ ቦታ ይቆማል።

እኔ እንደሚመስለኝ ቃሉን የሳበው ማዕዱ ነው። ክርስቲያኖች ቁርባኑን ቀድሞውኑ መሥዋዕት ይሉት ነበር፤ በየስፍራው ዕጣንና ንጹሕ ቁርባን ይቀርባል የሚለውን የሚልክያስን ትንቢት ለእሱ ነበር የሚጠቅሱት። መሥዋዕት ካለ ደግሞ አቅራቢው ማን ይባላል የሚለው ጥያቄ አይቀርም። የኢየሩሳሌሙ ቤት ከፈረሰ በኋላ ቃሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሉቃስ ወንጌሉን የሚጀምረው በካህን ነው። ዘካርያስ ከአብያ ምድብ ነው፤ ልክ እንደ እኛ ሰሙነኞች ተራው ደርሶ፣ ዕጣ ወጥቶለት ሊያጥን ገባ። ሕዝቡ ውጭ ይጠብቃል። ካህኑ ሲወጣ ዲዳ ሆኖ ወጣ። ሊባርካቸው የሚገባው ሰው በእጁ ብቻ ይጠቅሳል። ቄሱም ዝም ማለት ይሄ ነው። ሉቃስ መጽሐፉን ሲዘጋ ደግሞ ኢየሱስ በቢታንያ እጆቹን አንሥቶ ደቀ መዛሙርቱን ይባርካል። በመጀመሪያው ገጽ የተቋረጠው ቡራኬ በመጨረሻው ገጽ ደረሰ። የተባረኩት ደቀ መዛሙርት ታዲያ ወዴት ሄዱ? ተመልሰው ወደ ቤተ መቅደስ።

ያልነገርኳችሁ

መምሬ ያን ማታ ቀልደው ብቻ አልሄዱም። ከካፖርታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። የተጸለየበት ዘይት ነው። አያቴን በክርስትና ስሟ ጠሯት። ጸለዩላት፤ ግንባሯንና መዳፎቿን ቀቧት። አጎቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። የአክስቴ ልጅ በሩ ጋ ነው።

አያቴ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀኝ እግሯን አወጣች። «አባቴ፣ የሚያመኝ እሱ ነው» አለች።

መምሬ ከወንበሩ ለመነሳት ከዘራቸውን ተመረኮዙ። ጉልበታቸው አልታዘዘም። ሁለተኛ ሞከሩ። ከዚያ ቁጭ አሉና ዙሪያውን አዩ። አጎቴ ሊጠጋ ሲል እሳቸው ብልቃጧን ወደ በሩ ዘረጉ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ መጎንበስ አቅቶኛል። ና ቀባልኝ።»

የአክስቴ ልጅ አጎቴን አየ። አጎቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልጁ ጃኬቱን አውልቆ ሶፋው ላይ ጣለና አልጋው ግርጌ ተንበረከከ። ዘይቱን መዳፉ ላይ አፈሰሰ፤ በዛበት፤ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ። ቁርጭምጭሚቷን ቀባ፣ ተረከዟን ቀባ፣ ውስጥ እግሯን ቀባ። መምሬ ከወንበራቸው ሆነው በግእዝ ቀስ እያሉ ይጸልያሉ። እሱም ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚል አልሰማሁም።

ጨርሶ ሊነሳ ሲል አያቴ እግሯን አላነሳችም።

«አውራ ጣቴን ዘለልከው» አለችው።